ጋሽ ደባልቄ ያቀኗት ዲሽ

ጋሽ ደባልቄ በማለዳ ወንዙ ዳር የወረዱት አምቡላንስ ሊጠብቁ ነበር። ልጃቸው የዝናሽ እሳቸው ዘበኛ በሆኑበት ጤና ጣቢያ ምጥ ይዟታል። ወንዙ ግን ሌሊት በጣለው ዝናብ ሞልቶ መኪና የሚያሳልፍ አልሆነም። በእግረኛው ድልድይ ስትሻገር ያገኟት አንዲት ወጣት ብቻ ናት፤ ገመድና የመፍቻ ቦርሳ አንግታለች።

«እንደምን አደሩ አባባ። ሀምዲያ እባላለሁ። የጤና ጣቢያው ኔትወርክ ስለተቋረጠ ከአሶሳ ተልኬ ነው።»

«እግዜር ነው ያመጣሽ ልጄ። ልጄን ምጥ ይዟታል፤ አዋላጇ ሠናይት በአልትራሳውንድ ያነሳችውን የሆዷን ምስል ለአሶሳው ሐኪም ልላክ ብትል ኔትወርኩ እምቢ ብሏታል። እኔስ የአቅሜን አድርጌ ነበር።»

«ምን አደረጉ?»

«ጣሪያው ላይ ያለችውን ዲሽ ንፋስ አጎንብሷት አድማስ አድማሱን ታያለች። የሰፈሩ ዲሽ ሁሉ ሽቅብ ወደ ሰማይ አይደል የሚያየው? ትናንት ወጥቼ ቀና አደረግኋት።»

ሀምዲያ መንገዱ መሃል ቆመች።

«አባባ፣ የቴሌቪዥኑ ነው ሰማይ የሚያየው። ያቺ አሶሳ ማማ ላይ ካለች እህቷ ጋር ፊት ለፊት ነው የምትነጋገረው። ኔትወርኩን ያቋረጡት እርስዎ ነዎት።»

ጋሽ ደባልቄ ክው አሉ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኸው ነው፤ ማን ውጣ አላቸው? ግን ሰው ጥፋቱን በአንድ ጉርሻ አይውጥም፤ መንገዱን ሙሉ ተከራከሩ።

«የነካኋት እኮ ጣት ታህል ነው። አሶሳን የሚያህል ከተማ በጣት ይሳታል?»

ግቢው ሲደርሱ ሀምዲያ ከቦርሳዋ ትንሽ መስታወት አውጥታ ሰጠቻቸው።

«የፀሐይዋን ብርሃን እዚያ ግድግዳ ላይ ያሳርፉ። አሁን መስታወቱን በትንሹ ዘንበል ያድርጉት።»

ብርሃኑ ከግድግዳው ዘሎ ማንጎው አናት ላይ ወጣ። ጋሽ ደባልቄ እጃቸው መንቀሳቀሱን እንኳ አላወቁም ነበር።

«ይህ ግቢ ውስጥ ነው» አለች። «አሶሳ ሲደርስ የት እንደሚያርፍ ያስቡት።»

የየዝናሽ ማቃሰት በመስኮቱ ይሰማል። ሽማግሌው ክርክሩን ትተው መሰላሉን አቆሙላት።

ሀምዲያ ጣሪያው ላይ ወጥታ ዲሿን በዝግታ ታዞር ጀመር። እሳቸው ከታች ሆነው፣ ኔትወርኩ ምን ያህል እንደበረታ የሚያሳዩትን የመሣሪያውን መብራቶች ያያሉ። አንዱ በራ።

«በርቷል፣ እሰሪው ልጄ። ይበቃል።»

«አይበቃም። ከጎን የሚያመልጥ ጭላንጭል ነው። እዚህ ላይ ካሰርኩት ምስሉ ሐኪሙ ጋ ሳይደርስ ይቆረጣል።»

«የበራውን ልታጠፊው ነው? ልጄ እየሞተችብኝ?»

«ልጅዎ ስለሆነች ነው የማላስረው።»

ዲሿን ገፋ አደረገቻት። መብራቱ ጠፋ። ጋሽ ደባልቄ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ቀሩ፤ በገዛ ዓይናቸው ልጃቸውን የቀበሩ መሰላቸው። ከዚያ አንዱ መብራት ተመለሰ፤ ሌላው ተከተለ፤ ቀስ በቀስ ሁሉም በሩ። ሀምዲያ ግን ያኔም አልጠገበችም። ዲሿን ከዚያም አሳልፋ ወስዳ መብራቶቹ እየቀነሱ መሆኑን ካረጋገጠች በኋላ ነው ወደ ቦታዋ የመለሰቻት። ብሎኖቹንም ተራ በተራ፣ ጥቂት በጥቂት አጠበቀች፤ አንዱን ብቻ ካጠበቁት ዲሿ ፊቷን ታዞራለችና።

የአሶሳው ሐኪም የተላከለትን ምስል አይቶ ልጁ በእግሩ እየመጣ መሆኑን ነገራቸው። ሠናይትንም በቪዲዮ እያየ፣ እንዲህ አድርጊ፣ እዚህ ጋ ቆዪ እያለ መራት። በመጨረሻ ከውስጥ የሕፃን ልቅሶ ተሰማ፤ የዝናሽም በሰላም ተገላገለች።

ጋሽ ደባልቄ እንባቸውን ጠርገው ለተሰበሰቡት ጎረቤቶች እንዲህ አሉ፦

«ከመጠምጠም መማር ይቅደም ያሉት አባቶች ለእኔ ብለው ነው። ይቺ ዲሽ ፊቷን ካልሳተች ወንዙ ቢሞላም ሐኪም አለን፤ ነፍሰ ጡር በቃሬዛ አትንገላታም፤ ሬሳ ይዞ መመለስም ይቀራል። የማናውቀውን አንንካ። ጎበጠ ብለን ከጠረጠርን ለሚያውቀው እንንገር። ‹ይበቃል› የምትለዋን ቃልም ከዛሬ ጀምሮ ትቻታለሁ።»

ሠናይት ሕፃኑን ጠቅልላ ወጣች። አያትየው እጃቸውን ዘረጉ፤ ወዲያው ደግሞ ሰበሰቡት።

«ብነካው ይፈቀዳል?»

«መጀመሪያ እጅዎን ይታጠቡ» አለች ሠናይት።

ሳይከራከሩ ሄዱ።