ሴት የማትወጣበት ደሴት ዳር

ጣና ሐይቅ ላይ፣ ሴት የማትወጣበት የአንድ ገዳም ደሴት ዳር፣ ቅዳሜ ረፋድ፤ ሙሽራው ኤርሚያስ፣ ሦስት ሚዜዎቹና ባለጀልባው ቤተ ክርስቲያኑን ሊሳለሙ ሽቅብ ወጥተዋል፤ በታሰረችው የሞተር ጀልባ ውስጥ የቀሩት የሦስት ቀን ሙሽራዋ ቤዛዊትና የባለጀልባው የእህት ልጅ፣ የአሥራ ስድስት ዓመቷ አንጓች ናቸው።

ቤዛዊት፦ እሱንም አይቼዋለሁ። ሌላ ንገሪኝ።

አንጓች፦ ፏፏቴውንም አይተሽ፣ ገበያውንም አይተሽ፣ ጉማሬውንም አይተሽ? ጉማሬ እኮ እኔም ስፈልገው አይወጣልኝም።

ቤዛዊት፦ ባሌ የጻፈው ፕሮግራም ላይ «ዓርብ፣ አራት ሰዓት ተኩል፣ ጉማሬ» ይላል። ልክ አራት ተኩል ላይ ወጣ።

አንጓች፦ እሱም ፈርቶት ነዋ።

ቤዛዊት፦ አትቀልጂብኝ። የጠየቅኩሽ ሰው የማያውቀውን ቦታ ነው። ይሄን የሚያህል ባሕር ዳር አንድ የተሸሸገ ጥግ አያጣም።

አንጓች፦ እንግዲያው ደንገል አጫጆቹ ጋ ልውሰድሽ። ከከተማው ወጣ ብሎ ታንኳ የሚያስሩበት ጥግ አለ፤ አንድ አስጎብኚ ረግጦት አያውቅም። ደንገሉ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ የወፉ ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል።

ቤዛዊት፦ መኪና ይገባል?

አንጓች፦ እስከ ውሃው ድረስ።

ቤዛዊት፦ አይሆንም።

አንጓች፦ ምነው? ጎብኚ እኮ መኪና ሲገባለት ነው ደስ የሚለው። እሺ፣ ከገበያው ጀርባ አገልግል የሚሰፉ ሴቶች ግቢ አለ። በሩ ጎንበስ ካላሉለት አያስገባም። ውስጡ ቀለሙ፣ ሐሜቱ፣ ሳቁ፤ ሳታውቂው ቀኑ ይመሽብሻል።

ቤዛዊት፦ ስንት በር አለው?

አንጓች፦ አንድ።

ቤዛዊት፦ የጓሮ መውጫ የለውም?

አንጓች፦ አንቺ ልትጎበኚ ነው ልትሰርቂ?

ቤዛዊት፦ ተይው። ሌላ።

አንጓች፦ ዓሣ የሚያደርቁበት የድንጋይ ጎጆ አለ። ሽታውን ከቻልሽ ማንም ዝር አይልብሽም።

ቤዛዊት፦ ሚዜዎቹም?

አንጓች፦ ሚዜዎቹ ምን ቤት ናቸው? ቆይ እስኪ። እኔ የሚያምር ቦታ እየመረጥኩ ስደክም፣ አንቺ የፈለግሽው የሚያምር አይደለም ማለት ነው?

ቤዛዊት፦ ድምፅሽን ቀንሺ።

አንጓች፦ ለማን ብዬ? ለዓሣው? እስከ መቼ ነው የምትደበቂው፣ ሙሽሪት?

ቤዛዊት፦ ቤዛ በይኝ። ከሠርጉ ወዲህ ሁሉም ሙሽሪት እንዳለኝ ነው። እስኪነጋ ብቻ። ፈልገው ሲደክማቸው ነገ ማለዳ የአዲስ አበባ አውቶብስ እይዛለሁ።

አንጓች፦ መታሽ?

ቤዛዊት፦ ኧረ! ኤርሚያስ ዝንብ አይነካም። እሱ ፕሮግራም ነው የሚያወጣው።

አንጓች፦ ሰው ከፕሮግራም ሲሸሽ ገና ዛሬ አየሁ።

ቤዛዊት፦ ትናንት እራት ላይ፣ በሚዜዎቹ ፊት፣ «ስጦታ አለኝ» አለ። ለአለቃዬ ደውሎ፣ «ቤዛ ከእንግዲህ ሥራ አትመጣም፣ አዳማ እናቴ ቤት ልትኖር ነው» ብሏታል። ይሄ ነው ስጦታው። ሚዜዎቹ አጨበጨቡ።

አንጓች፦ አንቺስ?

ቤዛዊት፦ እኔም አጨበጨብኩ።

አንጓች፦ ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይላሉ። ሥራሽ ምንድን ነው?

ቤዛዊት፦ ላቦራቶሪ። ደም እመረምራለሁ። ዛሬ ጠዋት በሆቴሉ ስልክ ተደብቄ አለቃዬን ለመንኳት። ሰኞ ሁለት ሰዓት በአካል ከቆምኩ ሥራዬ አለ፤ ካልቆምኩ ቦታዬን ለሌላ ትሰጣለች።

አንጓች፦ የራስሽ ስልክስ?

ቤዛዊት፦ እሱ ኪስ ውስጥ ነው። «ጫጉላ ላይ ስልክ የለም» ይላል ወረቀቱ።

አንጓች፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አንቺ ደግሞ ሁለቱን ባንዴ አገባሽ።

ቤዛዊት፦ አታስቂኝ፣ ላለቅስ ነው።

አንጓች፦ አታልቅሺ፣ ጣና ሞልቷል። እምቢ ብትዪውስ?

ቤዛዊት፦ መቼ ብዬ? አፌን ስከፍት አንዱ ሚዜ ያጎርሰኛል፣ አንዱ ይዘፍንልኛል፣ አንዱ ፎቶ ያነሳኛል። ጫጉላ ይሁን ዘብ ጥበቃ እንጃ። ሴት የማትወጣበት ደሴት ባይገኝ ኖሮ አሁንም ብቻዬን አልቀርም ነበር። ስሚኝ የኔ እናት፣ ከተማ ስንደርስ፣ በወደቡ ግርግር፣ ከነዚያ ጥጎች አንዱ ውስጥ ክተቺኝ። ዓሣውም ይሁን።

አንጓች፦ እነዚያን ጥጎች እንዴት ያወቅኳቸው ይመስልሻል?

ቤዛዊት፦ የተወለድሽበት አገር ነዋ።

አንጓች፦ ስደበቅ ነው። አጎቴ ከአምስተኛ ክፍል አስወጥቶ፣ ይቺ ጀልባ የምታስገባውን ውሃ በጣሳ ሲያስጨልፈኝ አራት ዓመቱ። ሲመረኝ እጠፋለሁ። ደንገሉ ውስጥ ሁለት ቀን፣ አገልግል ሰፊዎቹ ጋ ሦስት ቀን፣ ዓሣው ጎጆ ግማሽ ቀን።

ቤዛዊት፦ አገኙሽ?

አንጓች፦ ማን አባቱ። ራበኝና ተመለስኩ። መደበቂያ ሁሉ እንዲህ ነው፤ ፈላጊ አያስፈልገውም፣ በራስሽ እግር ትመለሺለታለሽ።

ቤዛዊት፦ እና ምን ላድርግ? እዚሁ ቁጭ ብዬ ልጠብቃቸው?

አንጓች፦ ሲመለሱ ስንት ሰዓት ይላል ወረቀቱ?

ቤዛዊት፦ ስድስት።

አንጓች፦ ስድስት ሊሆን ነው። እዚህ ዳር ስንት ጀልባ ይታይሻል?

ቤዛዊት፦ ይቺው።

አንጓች፦ እነሱ የት ናቸው?

ቤዛዊት፦ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ።

አንጓች፦ አንቺስ?

ቤዛዊት፦ ጀልባው ላይ... አንጓች፣ እንዳታስቢው።

አንጓች፦ አስቤ ጨርሻለሁ። አንቺ ለምን ትደበቂያለሽ? እነሱ ይቀመጡ።

ቤዛዊት፦ ገዳም ላይ ጥዬው ልሂድ? ባሌን?

አንጓች፦ ገዳም ነው እንጂ ዱር አይደለም። መነኮሳቱ እንግዳ ጦሙን አያሳድሩም። ደግሞም አያድሩም፤ አሥር ሰዓት ላይ ለገዳሙ እህል የሚያመጣ ጀልባ ይወስዳቸዋል። ሚዜዎቹም እስከዚያ ትንሽ ይጸልዩ። አንቺ ከሰዓት መኪና ይዘሽ ደብረ ማርቆስ ታድሪያለሽ፣ ነገ አዲስ አበባ ነሽ። መታወቂያ ይዘሻል?

ቤዛዊት፦ ቦርሳዬ ውስጥ አለ። አጎትሽስ?

አንጓች፦ እሱ ነው ጣጣው። ጀልባዋን ወደቡ ላይ አስሬ ለሚስቱ አስረክባለሁ፤ ግን ያባርረኛል። ዘንድሮ እንደ ድሮው ርቦኝ ብመለስ አያስገባኝም።

ቤዛዊት፦ እንግዲያው አይሆንም። በኔ ዳፋ ቤት አልባ አትሆኚም።

አንጓች፦ በዳፋሽ ብቻ መሰለሽ? እዚያ ሞተር ላይ እጄን ባሳረፍኩ ቁጥር «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ» ይለኛል። አራት ዓመት ሙሉ አያለሁ። ሲያስለው፣ ሲያነቀው፣ ዘይት ሲጠማው፤ ከሱ ይልቅ እኔ አውቀዋለሁ።

ቤዛዊት፦ ስንት ጊዜ ነድተሻታል?

አንጓች፦ አንድም ቀን።

ቤዛዊት፦ አንድም ቀን?

አንጓች፦ አንቺስ ስንት ጊዜ እምቢ ብለሽ ታውቂያለሽ?

ቤዛዊት፦ እኔም አንድም ቀን።

አንጓች፦ እኩያ ነን ማለት ነው። ጸጥ በይ፤ ይሄ የሚዜዎቹ ዘፈን አይደል?

ቤዛዊት፦ እነሱ ናቸው። አጎትሽም አለ። ወረዱ፣ ያውና ደረጃው ጫፍ ላይ።

አንጓች፦ ሰባ ደረጃ ነው፤ ገና ናቸው። ብቻ ወስኚ፣ ቤዛ። እኔ አልገፋሽም። ትቀመጪ እንደሆን ጣሳዬን አንስቼ ውሃዬን እጨልፋለሁ፣ ምንም አልተባባልንም።

ቤዛዊት፦ ኤርሚያስ አይቶኛል።

አንጓች፦ እጁን ያወዛውዛል። ምንድን ነው የሚለው? ነፋሱ ወሰደብኝ።

ቤዛዊት፦ ከላይ ሆኖ ፎቶ ሊያነሳኝ ነው። «አትንቀሳቀሺ» እያለኝ ነው።

አንጓች፦ እና?

ቤዛዊት፦ ማሰሪያው በኔ በኩል ነበር። ፈትቼዋለሁ፤ አስነሺ።