አስር ደቂቃ በነጻ

ፍኖተ ሰላም፣ የአንሙት ኮምፒውተር ቤት ውስጥ፤ ሟች አባታቸው ቤቱን ለማን እንደሚያወርሱ፣ በር ዘግተው ብቻቸውን በካሜራ የቀዱትን ቃል ሽማግሌዎች ዛሬ ከሰዓት ሊያዩት ነው፤ ታላቅ እህቱ ጥሩዓለም ቀድማ አይታው ተቆጥታለች።

ጥሩዓለም፦ እና ይሄው ነው? ገና ወደ ነገሩ ሳይገቡ አለቀ?

አንሙት፦ ነገርኩሽ እኮ እታለም። የካሜራው ፋይል በየትም አልከፈት አለኝ። አንዲት ሰከንድ እንኳ አላየሁትም። ኢንተርኔት ላይ ቪዲዮ የሚቀይር ድረ ገጽ አገኘሁና ጫንኩት። በነጻ የሚቀይረው ግን አስር ደቂቃ ብቻ ነው።

ጥሩዓለም፦ አስር ደቂቃ! የአባዬን ወግ አታውቅም? ጨው አቀብሉኝ ለማለት እንኳ እስከ ሰባት ቤት ዘር የሚቆጥሩ ሰው! ፈጣሪን አመሰገኑ፣ ታቦቱን ጠሩ፣ ቅድመ አያታቸውን አነሱ፣ የጎረቤት በሬ ሳይቀር መረቁ። "እንግዲህ ልጆቼ" ሲሉ ጭጭ!

አንሙት፦ ተመርቀናል አይደል? ከምርቃት በላይ ምን አለ?

ጥሩዓለም፦ ድንቄም! ሰባት ዓመት እያነሳሁ እያስተኛሁ ያስታመምኩ እኔ፤ የምኖርበት ቤት ላይ ደላላ ያመጣህ አንተ። ምርቃት ይበቃናል? ዋናውን ፋይል አምጣ፤ ከፍዬ አስቀይረዋለሁ።

አንሙት፦ ዋናውማ... ኮምፒውተሩ ሞልቶብኝ አጠፋሁት።

ጥሩዓለም፦ ከካሜራውስ?

አንሙት፦ ከካሜራውም።

ጥሩዓለም፦ አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ!

አንሙት፦ ስድብ ምን አመጣው? አንቺ ፎርማት የሚባል ነገር ታውቂያለሽ?

ጥሩዓለም፦ እኔማ ምን አውቄ! "ማንኛውም ቪዲዮ ይቀየራል" ብለህ በር ላይ የለጠፍክ ሊቅ አንተ ነህ። የሰው ሠርግ እስከ መልሱ ድረስ ሦስት ሰዓት ሙሉ ትቀይራለህ፤ የአባትህ ቃል ሲሆን አስር ደቂቃ። ጎበዝ!

አንሙት፦ የሠርጉን በሚከፈልበት ነዋ የምሠራው!

ጥሩዓለም፦ ለአባትህ ደግሞ ነጻው። እሰይ የእኔ ወንድም!

አንሙት፦ በቃ እንግዲህ፤ ሽማግሌዎቹ ይቺኑ ይዩና እኩል ያካፍሉን። እኩል ምን ክፋት አለው?

ጥሩዓለም፦ አባዬ ካሉት ምንም ክፋት የለውም። ያሉትን ግን ማን ሰማ?

አንሙት፦ ምንም አላሉ ይሆናል። ሽማግሌ ናቸው፣ ደክሟቸው ይሆናል።

ጥሩዓለም፦ በሬ ለመመረቅ ያልደከሙ ሰው፣ ለልጆቻቸው ሲሆን ደከሙ? የአባቱን የመጨረሻ ቃል የትም የሚጥል፣ አንተ ብኩን!

አንሙት፦ ብኩን? እንኳን አንቺ፣ እሳቸውም ሊሞቱ ሲሉ አልማሩኝም! "አንሙት ሱቁ ይበቃዋል፤ ቤቱ ላስታመመችኝ" ብለው አንዲት ክፍል እንኳ ሳያስቀሩልኝ! ይሄ ፍርድ ነው?

ጥሩዓለም፦ መቼ ነው እንዲህ ያሉት?

አንሙት፦ እ... ድሮ ነው። እንዲሁ ሲጫወቱ።

ጥሩዓለም፦ ይሁን። እኔ ትንፍሽ አልልም። ሽማግሌዎቹ ፊት ቁምና፣ "ከአስረኛው ደቂቃ ወዲያ አላየሁም" ብለህ በአባዬ አጽም ማል፤ ከዚያ ቤቱን ሙሉውን ውሰደው።