አዲሱ ጿሚ

(በዐቢይ ጾም፣ አንድ ረፋድ ላይ። ከጉበት ካንሰር ቀዶ ሕክምና በኋላ የሚያገግመው ይገረም ሆስፒታሉ አጠገብ በተከራዩት ክፍል አልጋው ላይ ተቀምጧል፤ ልታስታምመው ከደብረ ታቦር የመጣችው እናቱ አስካለ ሁለት የተቀቀሉ እንቁላሎች በሳህን ይዛ ፊቱ ቆማለች።)

አስካለ፦ ብላ ያለህ ሐኪሙ ነው፤ እኔ መልእክተኛ ነኝ።

ይገረም፦ ጾም ነው አልኩሽ እኮ፣ እማዬ።

አስካለ፦ ጾም? ደህና ሳለህ ሁዳዴን ሥጋ ቤት አልነበር የምትውለው? ጉበትህ ሲቆረጥ መነኮስክ?

ይገረም፦ ሰው ይለወጣል።

አስካለ፦ ይለወጥ፣ ግን ይወፍር። የንስሐ አባታችንንም ጠይቄያለሁ፤ ታማሚ ነው፣ ይብላ ብለዋል።

ይገረም፦ በስልክ እያለቀስሽባቸው ምን ይበሉሽ? በግ ልረድለት ብትያቸውም እሺ ይሉሽ ነበር።

አስካለ፦ ሳቅ አንተ። ትናንት ሱሪህን በገመድ ስታስር አይቼሃለሁ። የቀረው ጉበት የሚያገግመው፣ ቁስሉም የሚሽረው ሲበላ ነው፤ ከከሳ ሌላ በሽታም ይደፍረዋል አለኝ ሐኪሙ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

ይገረም፦ ከዚያ በፊትስ ነበረሽ?

አስካለ፦ አልነበረኝም። አሁን ግን ምክንያት አገኘሁ። ቆይ፣ ያቅለሸልሽሃል? የሚያምህ ነገር አለ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም።

ይገረም፦ እዚህ ቤት የሚደብቀው በሽተኛው አይደለም።

አስካለ፦ ምን ማለትህ ነው?

ይገረም፦ ሐኪሙ አንቺን ለብቻሽ ጠርቶ አነጋገረሽ። ስትወጪ ዓይንሽ ቀልቷል። በማግስቱ ፎጣ ፍለጋ ሻንጣሽን ብከፍት ጥቁር ቀሚስሽ ከታች ታጥፎ ተቀምጧል። ለሚሞት ሰው እንቁላል ምን ያደርግለታል? ጾሜ ልሂድ ብዬ ነው።

አስካለ፦ ቀሚሱን አየኸው።

ይገረም፦ አየሁት። ተተኩሷል።

አስካለ፦ አንተ ልጅ፣ እኔን አታውቀኝም? ያ ቀሚስ እኮ ያልሄደበት የለም። እህትህ ልትወልድ ስትልም ይዤው ሄጃለሁ። መንታ ተገላገለች፤ እኔ ግን ነጭ ልብስ ስላልያዝኩ ለክርስትናው የጎረቤት ቀሚስ ተውሼ ቆምኩ።

ይገረም፦ የፈሩት ይደርሳል ሲባል አልሰማሽም?

አስካለ፦ እኔ የፈራሁት ሁሉ ቢደርስማ ደብረ ታቦር ሰው አይተርፍም ነበር።

ይገረም፦ አታስቂኝ፣ ስፌቱ ይቆጠቁጠኛል። ዓይንሽስ ለምን ቀላ?

አስካለ፦ ዕጢውን ሙሉ በሙሉ አውጥተነዋል ሲለኝ ነዋ። የተዘጋጀሁት ለክፉው ወሬ ነበር። ደጉ ሲመጣ ምን እንደሚደረግ ጠፋኝ።

ይገረም፦ ለእኔም እንደዚያ ብሎኛል። ለበሽተኛ ሌላ ምን ይባላል?

አስካለ፦ እኔንም አላምንሽም እያልከኝ ነው?

ይገረም፦ አባዬን ጨጓራ ነው፣ ይለቅሃል እያላችሁ አይደል የሸኛችሁት? እኔም አብሬ ነበር የምዋሸው። እንዴት እንደሚባል አውቀዋለሁ።

አስካለ፦ እውነትህን ነው። ዋሽተነዋል።

ይገረም፦ ታዲያ?

አስካለ፦ ታዲያማ፣ በቀጠሮው ቀን አንተ ብቻህን ግባ። የልብህን ጠይቀው። እኔ በር ላይ እቀመጣለሁ፤ ያለህን አንተ ትነግረኛለህ።

ይገረም፦ አንቺ? በር ላይ? ትችያለሽ?

አስካለ፦ አልችልም። ግን እቀመጣለሁ።

ይገረም፦ እስቲ ጨው አቀብይኝ።