ሙሌንጋን ያስደነገጥንበት ሳምንት

ክቡር ርዕሰ መምህራችን አቶ ልዑልቃል፣ ክቡራትና ክቡራን ባልደረቦቼ፤

ከሁሉ በፊት ይህን ግብዣ ያሰናዳችሁትን ሁሉ አመሰግናለሁ። የስብሰባ ጥሪ ሲለጠፍ ግማሻችሁን ራስ ምታት፣ ግማሻችሁን ለቅሶ እንደሚገጥማችሁ አውቃለሁ። ዛሬ ግን አንድም ሰው አልቀረም። የእኔ መሄድ ይሁን ከጓሮ የሚሸተው ጥብስ፣ ማጣራት አልፈልግም።

ደግሞ "ክብርት ወይዘሮ አረጋሽ" ተብዬ ተጠራሁ! ትናንት ኮሪደር ላይ "እትዬ አረጋሽ፣ ጠመኔውን የት ደበቁብን?" ያለኝ ሰው ነው እኮ ዛሬ መድረክ ላይ ያወጣኝ።

ስለ አገልግሎትዎ ይናገሩ ተብያለሁ። ምን ይወራል? አስተማርኩ፣ ጮህኩ፣ ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ ጡረታ ወጣሁ። ይልቅ ስለ ሙሌንጋ ላውራችሁ። አዲሶቹ አታውቁትም፤ ነባሮቹም የምታውቁት ግማሹን ነው።

ሙሌንጋ በ88 መስከረም ላይ ከዛምቢያ የመጣ የእንግሊዝኛ እጩ መምህር ነበር። የማስተማር ልምምዱን እኛ ዘንድ እንዲያደርግ ተላከ፤ ተቆጣጣሪው እኔ ሆንኩ። ልምምዱን ካልጨረሰ ዲፕሎማ የለም፤ ዲፕሎማ ከሌለ መምህርነት የለም። "ከልጅነቴ ጀምሮ ከመምህርነት ሌላ የተመኘሁት ነገር የለም" አለኝ በመጀመሪያው ቀን። እኔም ስለ ደመወዛችን ምንም አልነገርኩትም።

ፈረንጅ ቢሆን ኖሮ ሰፈሩ ያዝንለት ነበር። የእሱ ጣጣ መልኩ ነው፤ ቁርጥ የእኛን ሰው ይመስላል። ወያላው በአማርኛ ይጮህበታል፣ ባለሱቋ በአማርኛ ትጠይቀዋለች፣ እሱ ፈገግ ብሎ ያልፋል። ያረፈው እዚሁ ላፍቶ፣ የስፖርት መምህራችን ቀጄላ ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ክፍል ነበር። ገና በመጣ በማግስቱ አንዲት ጎረቤት ቀጄላን አስቁማ፣ "ያ ዘመድህ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የጠገበው? ሰላምታ እንኳ አይመልስም!" አለችው። ቀጄላ ምን ብሎ መለሰ? "እሱ ድሮም እንዲሁ ነው!" ቀጄላ፣ አትሳቅ፤ ብለሃል።

ይህ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው። ከባዱ ክፍል ውስጥ ነበር።

ዘጠነኛ ክፍል ገባ፤ እኔ ከኋላ ተቀምጫለሁ። ትምህርቱን በሚገባ ተዘጋጅቶበታል፣ ድምፁም ያምራል። አስረዳና "ገባችሁ?" አለ። ልጆቹ ምን አደረጉ? እናንተም እኔም ሌት ተቀን የምናደርገውን ነዋ! ትንፋሻቸውን ወደ ውስጥ ሳብ አደረጉ። "አዎ" ማለታቸው ነው። ስም እንኳ አላወጣንለትም፤ እንደምናደርገውም አናውቅም።

በሙሌንጋ አገር ግን፣ ኋላ እንደነገረኝ፣ ሰው እንዲህ የሚተነፍሰው ክፉ ነገር አይቶ ሲደነግጥ ነው። ልጁ ዞር ብሎ ጥቁር ሰሌዳውን አየ። ጣሪያውን አየ። የሱሪውን ዚፕ ሳይቀር አየ። ትንሽ ቀጠለና "ግልጽ ነው?" አለ። ያ ሁሉ ተማሪ በአንድ ጊዜ ሳብ! ጠመኔው ከእጁ ወደቀ። እኔም ከኋላ ሆኜ "ትምህርቱ ጥሩ ነው፤ ትንሽ ይደናገጣል" ብዬ ጻፍኩ።

ሳምንቱን ሙሉ እንዲሁ ሆነ። ልጁ ከሳ። ተማሪዎቹ እንደሚፈሩት እርግጠኛ ሆኗል። ለእኔ አይነግረኝ ነገር፣ ተቆጣጣሪው ነኝ። ዓርብ ዕለት እንደምንም ደፍሮ ወደ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ሄደ። አቶ ልዑልቃል፣ ይቅርታዎን፤ ይህንን ሳልናገር ጡረታ አልወጣም።

ታውቋቸዋላችሁ፤ ሰው ሲያወራ እንደ እሳቸው በጥሞና የሚያዳምጥ የለም። እያዳመጡ መሆናቸውን ደግሞ በምን እንደሚገልጹ ሁላችሁም ገብቷችኋል።

"ተማሪዎቹ የሚፈሩኝ ይመስለኛል" አላቸው። እሳቸው ትንፋሽ ሳብ።

"ለዚህ ሥራ አልሆንም ማለት ነው?" ሳብ።

"እንግዲያው ወደ አገሬ ብመለስ ይሻላል?" ሳብ፤ ያውም ራሳቸውን እየነቀነቁ!

እሳቸው እኮ "ቀጥል ልጄ፣ እየሰማሁህ ነው" ማለታቸው ነበር። ሙሌንጋ አመስግኖ፣ እጅ ነስቶ ወጣ። ከሰዓት በኋላ አቶ ልዑልቃል ሲያገኙኝ ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "በጣም ጨዋ ልጅ ነው፤ በደንብ ተግባብተናል።"

ቅዳሜ ጠዋት ቀጄላ ሀና ማርያም ቤቴ ድረስ እየሮጠ መጣ። የስፖርት መምህራችንን ሲሮጥ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። "ሙሌንጋ ሻንጣውን እያዘጋጀ ነው፤ ሊሄድ ነው!" አለኝ። በዚያ ጭቃ ጫማዬን ጥዬ ልቀር ምንም አልቀረኝም። ስደርስ ልጁ አልጋው ላይ ተቀምጦ ሸሚዝ ያጥፋል። ዓይኑ ቀልቷል።

"ምን ሆነህ ነው?" አልኩት።

"ተማሪዎቹ ባዩኝ ቁጥር ይደነግጣሉ። ርዕሰ መምህሩም እንደማልችል አረጋግጠውልኛል" አለና ያንን ትንፋሽ አስመስሎ አሳየኝ።

መጀመሪያ አስም የተነሳበት መሰለኝ። ከዚያ ገባኝ። "ኧረ ልጄ! እሱ እኮ 'አዎ' ማለት ነው!"

አላመነኝም። "ደግ ስለሆኑ ነው እንዲህ የሚሉኝ" አለ።

ምን ይደረግ? የቀጄላን ባለቤት ገዲሴን ጠራኋት። እንግሊዝኛ አታውቅም፤ ስናወራም አልነበረችም። ልብስ እያጠበች ስለነበር እጇ አረፋ እንደሆነ መጣች። እየተረጎምኩለት እጠይቃት ጀመር።

"ገዲሴ፣ ገበያ ሄድሽ?" ሳብ።

"ልጆቹ ቁርስ በሉ?" ሳብ። ሙሌንጋ ሸሚዙን አስቀመጠ።

"ቀጄላ ያስቸግርሻል?" እንደዚያ ያለ ረጅም ትንፋሽ በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። የበሩ መጋረጃ አብሮ ተሳበ!

ሙሌንጋ በሳቅ አልጋው ላይ ወደቀ። እዚህ አገር ከገባ ሲስቅ የመጀመሪያው ነበር። ትንሽ ቆይቶ ግን ተነስቶ ተቀመጠ። "አንድ ነገር ይጠይቁልኝ። እኔ እዚህ ብቆይ ደስ ይላታል?"

ተረጎምኩላት። ገዲሴ በዚህ ጊዜ ትንፋሽ አልሳበችም። ሻንጣውን አየች፤ እሱን አየች። "የት ሊሄድ ነው? ማን አስቀይሞት ነው?" አለችና ቀጄላን በዓይኗ ገረፈችው። ከዚያ የታጠፉትን ሸሚዞች ከሻንጣው ውስጥ ጎትታ አወጣች። "የትም አይሄድም! ልጃችን ነው በይልኝ!" ብላ ሸሚዞቹን ይዛ ሄዳ የሳሙና ውሃው ውስጥ ነከረቻቸው። የታጠቡ ነበሩ እኮ!

ያንን አልተረጎምኩለትም፤ አላስፈለገውም። ሙሌንጋ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ። ቀጄላ እስካሁን ጉንፋን ነበር ይላል።

ቆየ። ሰኞ ክፍል ገብቶ "ገባችሁ?" አለ፤ መልሱንም በደስታ ተቀበለ። ልምምዱን ጨርሶ ዛሬ በአገሩ መምህር ነው።

ባልደረቦቼ፣ ይህን ለምን አወራሁ? ሙሌንጋን ያቆየው የእኔ ማብራሪያ አይመስለኝም። ገዲሴ አፏን ከፍታ ስለተናገረች ነው። እኛ ስንዋደድ "የታወቀ ነው" ብለን እናልፈዋለን። ለሚጠራጠር ሰው ግን የታወቀ አይደለም።

እኔም ሰሞኑን ስጠራጠር ከርሜያለሁ። "እውነት እናፍቃቸው ይሆን? ወይስ ሰኞ ጠዋት መስኮት አጠገብ ላለችው ወንበሬ ይሻሙ ይሆን?" እላለሁ። መሻማታችሁ አይቀርም፤ ፀሐይ ያላት እሷ ብቻ ናት። የፊተኛውን ግን ማንንም አልጠየቅሁም። ፈራሁ።

ስለዚህ እኔው ልቅደማችሁ፣ በቃል ልናገረው። እወዳችኋለሁ። ቀልዳችሁን፣ ጭቅጭቃችሁን፣ አርፍዳችሁ መምጣታችሁን ሳይቀር እወደዋለሁ። ቤት ብቻዬን መዋል ያስፈራኛል፤ በጣም ትናፍቁኛላችሁ።

እግዚአብሔር ጉሮሯችሁን ይጠብቅላችሁ። የምትቀጧቸው ልጆች ነገ ታክሲ ውስጥ ሲያዩአችሁ ተነስተው የሚያስቀምጧችሁ ይሁኑ። ከእናንተ ወደ ሰው አገር የሚሄድ ቢኖር፣ በር ከፍታ "ልጃችን ነው" የምትል ሰው ትቆየው። ልጆቻችሁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ፤ ተከባብራችሁ፣ ተሳስቃችሁ አርጁ።

ቤቴን ታውቁታላችሁ። ቀጠሮ አያስፈልግም፤ ኑልኝ።