ጣቷን ያላነሳችው ሴት

እባካችሁ ወንበር መጎተቱ ይብቃ። ማይክራፎኑንም ውሰዱልኝ፤ ድምፄ ያለ እሱም ይደርሳችኋል።

ዛሬ በጡረታ የምንሸኛት ይህቺ ሴት መጀመሪያ እዚህ ቢሮ የመጣች ቀን፣ «ኮምፒውተር አይታ የማታውቅ ሰው ቀጠሩብኝ» ብዬ ነበር። ያኔ የሶፍትዌር መመሪያ የምጽፈው እኔ ብቻ ነበርኩ። ሥራውን ማንም አላስተማረኝም፤ ማሽኑን ፈትቼ ገጥሜ፣ ተሳስቼ አርሜ የተማርኩት ነው። ስለዚህ ማንም እንዲያርመኝ አልፈልግም ነበር። አሁንም አልፈልግም።

«ይህን አንብቢና ሞክሪው» ብዬ አንድ ገጽ ሰጠኋት። ፋይልን በማውስ ጎትቶ ሌላ ፎልደር ውስጥ ስለማስገባት ነበር። የጻፍኩት እንዲህ ይላል፦ «ቀስቱን ፋይሉ ላይ ያድርጉ። የማውሱን የግራ ቁልፍ ይጫኑ። ቁልፉን እንደተጫኑ ፋይሉን ወደ ፎልደሩ ይጎትቱ።» በቃ፣ ይኸው ነው።

አነበበች፤ ቁልፉን ተጫነች፤ ጎተተች። ከዚያ እንደያዘችው ተቀመጠች። ጣቷ ቁልፉ ላይ፣ ፋይሉ በአየር ላይ።

«ምነው?» አልኳት።

«ጨረስኩ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ልቀቂው!»

«ይልቀቁ የሚል አልጻፉም።»

«ይሄም ይጻፋል እንዴ? ሳይለቅ የሚቀር ሰው ማን አለ?»

«እኔ አለሁ» አለች።

እኔ አልጽፍም አልኩ፤ እሷ አልለቅም አለች። የሻይ ሰዓት ደረሰ፤ ሻይዋን በግራ እጇ ጠጣች። ስልኳ ጠራ፤ ሾፌራችን ጆሮዋ ላይ ያዘላት። ባሏ ነው። «አዲሱ ሥራ እንዴት ነው?» ሲላት፣ «ጥሩ ነው፤ አንድ ፋይል ይዤ እየጠበቅኩ ነው» አለችው። ቢሮው በሙሉ ተሰብስቦ ሲስቅብኝ ጊዜ፣ እየተነጫነጭኩ «ጣትዎን ከቁልፉ ላይ ያንሱ» ብዬ ጨመርኩ። ወዲያው አነሳች። «አሁን ሠራ» አለችኝ። ያን ቀን «እርስዎ» ስትለኝ የዋለችው በማግስቱ «አንተ» ማለት ጀመረች። ሾፌሩም «ቃል በቃል» የሚል ስም አወጣላት፤ ይኸው እስከ ዛሬ አለቀቃትም።

የቀረውን ራሳችሁ አይታችኋል፤ ከዚያ ወዲህ እሷ ሳትሞክረው የወጣ መመሪያ የለም። ሊፍቱ ጎን የነበረውን «ቁልፉን ይጫኑ» የሚል ወረቀት ገንጥላ፣ «አንድ ጊዜ ይጫኑ፤ መብራቱ ከበራ ደግመው አይጫኑ» የሚል የለጠፈችው እሷ ናት። ጽዳት ሠራተኛችን ከዚያ ወዲህ ሊፍቱ ተበላሽቶ አያውቅም ትላለች፤ እኔ አላምንም። የታብሌቱን መመሪያ የጻፈው ወጣት «ምልክቱን ነክተው ይቆዩ» ብሎ ቢያመጣላት፣ «እስከ መቼ? ልጆቼን ማን ያሳድግልኛል?» ብላ መለሰችለት። «ዝርዝሩ እስኪታይ» ብሎ ሲጨምር ነው ያሳለፈችው።

ባሏ እዚህ ተቀምጧል፤ እሱ የነገረኝንም ስሙ። «በሩን ዝጊው ስላት፣ ‹ከውስጥ ሆኜ ነው ከውጭ?› ትለኛለች። የተጣላን ቀን መልሱን አስቤ ነው የምሰጠው» አለኝ።

የእኔና የእሷ ትልቁ ጠብ ግን በኪቦርድ ምክንያት ነበር። በማውስ የሚሠራ እያንዳንዱ ነገር ሥር፣ ያንኑ በኪቦርድ ብቻ መሥራት የሚቻልበት አንድ መስመር ይግባ አለች።

«ገጹ ያብጣል» አልኳት።

«ይበጥ።»

«ማን ሊያነበው?»

«እጁ እምቢ ያለው ሰው።»

«እሱ ደግሞ ስንት ቢሆን ነው?»

«አንድ ይበቃኛል» አለች።

ተኮራረፍን። ሰላምታ በሾፌሩ በኩል እስክንላላክ ድረስ ተኮራረፍን። እሷ ግን መስመሮቹን አንድ በአንድ አስገባቻቸው።

አሁን የምናገረውን እንድናገር ፈቅዳልኛለች። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ቀኝ እጇ ይንቀጠቀጣል። ሁለቴ ክሊክ ስታደርግ በመጀመሪያውና በሁለተኛው መካከል እጇ ይዘገይባታል፤ ፋይሉ በመከፈት ፋንታ «ስሜን ቀይሪልኝ» ይላታል። አንድ ጠዋት ማውሱን መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ ወዲህ የሠራችውን ሁሉ የሠራችው በኪቦርድ ነው፤ ራሷ በጻፈቻቸው መስመሮች። ከእናንተ ያወቀ አልነበረም፤ ሥራ ጎድሎ አያውቅማ።

ባለፈው ሳምንት ዕቃዋን ስትሸክፍ፣ «አዲሱ መመሪያ አጭር ይሁን ተብሏል። ያ መስመር ሁሉ ሊወጣ ነው፤ አብረን መውጣታችን ነው» አለችኝ። የራሷ መውጣት አላሳዘናትም። ያሳዘናት የመስመሮቹ ነው።

ዛሬ ጠዋት አለቃችን ቢሮ ገባሁ። እዚያ ጥግ አቀርቅሮ የሚስቀው እሱ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ረቂቆች አሉ፤ አንዱ መስመሮቹ ያሉበት፣ አንዱ የሌሉበት። ወንበሩን አስለቀቅኩት። መስመሮቹ ያሉበትን በማውስ ያዝኩ፤ «ለሕትመት» የሚለው ፎልደር ድረስ ጎተትኩ፤ ቆምኩ። ጣቴን አላነሳሁም።

«ጋሼ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«ይልቀቁ እስክትለኝ እየጠበቅኩ ነው።»

«ስብሰባ አለብኝ እኮ!»

«ሂድ። እኔ እዚሁ ነኝ።»

ሄዶ ተመለሰ። እዚያው ነበርኩ፤ ሻይም በግራ እጄ ጠጥቻለሁ። ሳቁ አመለጠው።

«እሺ፣ ይልቀቁ።»

«ለዘንድሮ ነው ለሁልጊዜ?»

«ለሁልጊዜ! ይልቀቁልኝ!»

ያኔ ለቀቅኩ።

ስለዚህ፣ እህቴ፣ መስመሮችሽ አይወጡም። የምትወጪው አንቺ ብቻ ነሽ። እኔን በዚሁ አዳራሽ ሸኝታችሁኝ በሳምንቱ በኮንትራት ተመለስኩ፤ አንቺ ግን ውጪ ከተባልሽ ወጣሽ ነው፤ አውቅሻለሁ።

ምስጋና አልችልበትም። ይሁን እንጂ፣ አንባቢዬ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው መሆኑን፣ ያ ሰው እጅ እንዳለው፣ እጁም ሊደክም እንደሚችል ያሳየሽኝ አንቺ ነሽ። አመሰግናለሁ። እጅሽ ይረፍ፤ ቤትሽ ሳቅ አይጣ፤ ለምትወጃቸው ሁሉ ቀልድሽን ለመስማት ዕድሜ ይስጣቸው።

አሁን ብርጭቋችሁን አንሱ። ቀኙ የሚታዘዘው በቀኝ፣ ግራው የሚሻለው በግራ። ለቃል በቃል! ለጤናዋና ለረጅም ዕድሜዋ!

አንተ ወጣት፣ ከአፍህ መልሰው! አንሱ እንጂ ጠጡ አላልኩም። እሷ «ጠጡ» እስክትል እንደያዛችሁ ቆዩ።

በይ እንግዲህ፣ እህቴ። ሁላችንም አንቺን እየጠበቅን ነው።