የማይቀነሰው ሠላሳ ሁለት

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፤ ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚኒባስ በወጣሁ ቁጥር ግን ትዝ ይለኛል። ደባርቅ ቤት ተከራይተን ስንማር፣ ከመካነ ብርሃን የመጣ፣ ከአብነት ትምህርት ወደ ዘመናዊው ዘግይቶ የተሻገረ ዲያቆን አብሮን አንድ ክፍል ይማር ነበር። በዕድሜ ስለሚበልጠን "አባ፣ ይባርኩን!" እያሉ ተማሪዎቹ ይስቁበት ነበር። "አንዴ ደግሞ ካፈርኩ አገሬ ነው የምገባው" ይለኝ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት በኋላ፣ ነገ ሰሌዳ ላይ ወጥቶ የሚሠራውን ጥያቄ አሳየኝ። ብረት በአንድ ዲግሪ እንዲሞቅ የሚፈልገውን ሙቀት ከፓውንድና ከፋራናይት ወደ ኪሎና ወደ ሴልሺየስ መቀየር ነው። "ፋራናይት አይደል? ሠላሳ ሁለት ቀነስኩለት! ጎሽ በይኛ!" አለኝ። ሠላሳ ሁለት የሚቀነሰው ቴርሞሜትር ላይ የተነበበ ሙቀት ሲቀየር እንደሆነ፣ እዚህ ግን የሚታየው የአንዱ ዲግሪ መጠን ብቻ እንደሆነ አውቅ ነበር። ግን ቀና ብዬ ዓይኑን ማየት እንኳ የሚያሳፍረኝ ልጅ ነበርና፣ "ጎሽ" አልኩት።

በማግስቱ ጠዋት፣ መምህሩ ዲያቆኑን ወደ ሰሌዳ ሳይጠራው፣ ዓመቱን ሙሉ አንስቼው የማላውቀውን እጄን አነሳሁ። "ቲቸር፣ ሠላሳ ሁለቱን አንቀንስም እንዴ?" ክፍሉ በሳቅ አውካካ። መምህሩ ለምን እንደማይቀነስ ሲያስረዳኝ እኔ አንገቴን ደፍቼ፣ ዲያቆኑ ከኋላዬ ሠላሳ ሁለቱን ከደብተሩ ቶሎ ቶሎ በላጲስ ሲያጠፋ አዳመጥኩት።