ገብርኤል አርጅቷል

ጁባ፣ ሃይ ማላካል ሰፈር የምሠራበት ሆቴል ባለቤት እትዬ ዘውዴ ቀን የሚያውቁት በቁጥር ሳይሆን በታቦት ነው። እኔም ማስታወሻ የምጽፍበትን የኮምፒውተር ፕሮግራም ካላንደር በሀገራችን አቆጣጠር አደረግኩና፣ አስራ ሁለትን «ሚካኤል»፣ አስራ ዘጠኝን «ገብርኤል» ብሎ እንዲያሳይ አስተካከልኩት። እትዬ መረቁኝ።

ሾፌራችን ደግሞ ስሙ ገብርኤል ነው። የጁባ ሰው ቢሆንም ጋምቤላ ስላደገ አማርኛ ያነባል። አንድ ጠዋት ስክሪኑን አይቶ ክው አለ። «ገብርኤል፦ አርጅቷል፤ ጩኸቱ እንግዳ ይረብሻል፤ ይነሳና አዲስ ይተካ» ይላል። ምን እንደመሰለው ገባኝ፤ ግን ሳቄን ዋጥ አድርጌ ሥራዬን ቀጠልኩ። በቀጥታ ሄዶ የመኪናውን ቁልፍ እትዬ ፊት አስቀመጠ።

«ወላሂ እትዬ፣ እኔ መቼ ጮኼ አውቃለሁ?»

እትዬ ግራ ገብቷቸው እኔን ሲያዩ ሳቄ አመለጠኝ። «ጀነሬተሩ ነው! በገብርኤል ዕለት የሚነሳው ጀነሬተሩ ነው!»

«ማሌሽ ልጄ፣ አይዞህ» አሉት እትዬ። እሱ ግን አልሳቀም። ቁልፉን አንስቶ እጄ ላይ አኖረና «እንግዲያው በስሜ ቀን እኔ አልነዳም» አለ። እትዬ መልአኩን ፈርተው እሺ አሉ። ይኸው በየወሩ በገብርኤል ከጉምቦ ገበያ አትክልት የማመላልሰው እኔ ሆኛለሁ። ትናንት ደግሞ ልብስ አጣቢዋ ሜሪ መጥታ፣ «የእኔስ ቀን የቱ ነው?» አለችኝ።